ሕፃን ባለበት ቤት ሲጋራ አይጨስም

በሬዲዮ የሰማችሁትን ይህን ንግግር አሁን ራሳችሁ እያነበባችሁት ነው። አትቸኩሉ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሲጋራም አጫሽ ነበርኩ። ስለዚህ አጫሹን ልሳደብ አልመጣሁም።

ልጃችን የሦስት ወር ሕፃን ሳለች ሳል ያዛት። ትንፋሿ ፈጠነ፤ ጡት መጥባት አቃታት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የሳንባ ምች ነው አሉን። ነርሷ መድኃኒቱን ከሰጠችን በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋቢዎ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ልጅቷን በዚህ ነው የሚያቅፏት?» አለችኝ። «መስኮት ከፍቼ ነው እኮ የማጨሰው» አልኳት። «አይበቃም» አለች።

ለምን አይበቃም? ትልቅ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ጨቅላ ሕፃን ግን ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ሳንባው ገና እያደገ ነው። ጭሱ ቢያፍነው ተነሥቶ አይወጣም፤ «አባዬ፣ አጥፋው» አይልም። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመምና አስም በቀላሉ ይይዘዋል። ደህና የተኛ ሕፃን በድንገት የሚሞትበት አደጋም ይጨምራል። መስኮት ቢከፈትም ጭሱ ሁሉ አይወጣም። ልብስ ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። መኖሪያ ቤታችሁ ግን ተቆጣጣሪ አይገባም። እዚያ ሕግ የምታወጡት እናንተው ናችሁ።

ማቆሙስ? ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ትንባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ሱስ አስያዥ ነገር አለ። ሲቀር ሰው ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ያጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከፋሉ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ በዘጠነኛው ቀን ተሸነፍኩ። ደመወዝ የተቀበልን ዕለት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ግን ቀን ቆረጥኩ፤ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ መተርኮሻውን ጣልኩት። የሚያሸንፈኝ ከቡና ጋር የማጨሰው ስለነበር፣ ለጥቂት ሳምንት ቡናውን ትቼ ሻይ ጠጣሁ። አምሮቱ ሲመጣ ውሃ እጠጣለሁ፤ ወጥቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ጥቂት ደቂቃ ከታገሡት ያልፋል።

አባቴ ደግሞ ጋያ ያጨሳሉ። ልጅቷን ሊያዩ ሲመጡ፣ «አባባ፣ እባክዎ እዚህ አያጭሱ» አልኳቸው። ለአባት እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ተቆጥተው ሳይበሉ ሄዱ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመልሰው መጡ። ጋያውን ግን አልያዙም።