ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያጋጥሙ የማገገም ችግሮች በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦችን የያዘ ሲሆን፣ በሦስት ጊዜያት ማለትም ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታማሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከመውጣቱ በፊት በድምፅ እየተነበበ ይሞላል። ዝርዝሩ የብዙዎችን ሕይወት የሚታደግ ቢሆንም ሥራው በክፍሉ በር ላይ ያበቃል፤ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ግን ለታማሚው ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በር ከወጣ በኋላ ነው።

የቀዶ ጥገና ቁስል ኢንፌክሽን ሲባል በተቀደደው ስፍራ ተሕዋስያን ገብተው መቅላትን፣ ማበጥን፣ ሕመምንና መግልን ሲያስከትሉ ማለት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ቀዶ ጥገናው ከተደረገበት ዕለት አንሥቶ እስከ 30 ቀን ድረስ የታየው ነው። ታማሚው ከሆስፒታል የሚወጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ በመሆኑ፣ ቁስሉ የሚያመረቅዘው በአብዛኛው ሐኪም በማያየው ስፍራ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲወጣ ላብ ፋሻውን ያርሰዋል፤ በክረምት ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲጨቀይ ወደ እርሻ ጣቢያዎች የሚወስደው መንገድ ስለሚዘጋ፣ ፋሻ ለማስቀየር ጤና ጣቢያ መድረስ ራሱን የቻለ ፈተና ይሆናል።

የዚህ ቆላ ልዩ ችግር ግን ትኩሳት ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚታይ መጠነኛ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ሰውነት ለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ሲሆን፣ ከአምስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ሲመጣ ግን ቁስሉን መጠርጠር ይገባል፤ ይህ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኝ ስሌት ወባ በሌለበት አገር ጥሩ መሪ ነው። በመተማ ግን ወባ በየትኛውም ቀን ሊነሣ ይችላል፤ እንዲያውም ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከቆየ በኋላ ዳግም ስለሚያገረሽ፣ ታማሚው በቅርቡ በትንኝ አለመነከሱ ማስተማመኛ አይሆንም። ስለዚህ ቁስሉን ብቻ አይቶ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠትም፣ ደሙን ብቻ መርምሮ ፋሻውን ሳይፈቱ ማሰናበትም እኩል ያሳስታል። በዚህ ላይ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር አለ፤ ለሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳትን፣ የጣፊያ ማበጥንና መመንመንን ያስከትላል፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕላትሌት የተባሉ የደም ክፍሎችም ይቀንሳል። በሽታው ያልታወቀለት ሰው በቀዶ ጥገና ጊዜ ሊደማ፣ ከዚያም በኋላ የቁስሉ መዳን ሊዘገይበት ይችላል። ለዚህ በሽታ ምርምርና ሕክምና የተቋቋመ ማዕከል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል፤ ጎንደር ግን ከመተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ሌሎቹ ችግሮች በየትም አገር የሚታዩ ናቸው። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በደንብ ካልተነፈሰና ካላሳለ አክታው በሳንባው ተጠራቅሞ ለሳንባ ምች ይዳርገዋል፤ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ከተኛም በእግር ደም ሥር ደም ይረጋል፣ ሆዱም ይደርቃል። አስታማሚዎች በቅንነት «አትነሣ፣ ስፌቱ ይበጠሳል» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ሐኪም ካልከለከለ በቀር ግን በማግስቱ ተደግፎ መነሣት፣ ሲያስል ደግሞ ትራስ ሆድ ላይ አጥብቆ መያዝ ይበጃል።

ለቡአ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን የሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ሁኔታ ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። ቡአ የሆድ ግድግዳ ሲላላ አንጀት ወይም ሞራ በላላው በኩል የሚወጣበት ሕመም ሲሆን፣ የተጠገነው ስፍራ እንዳይከፈት ታማሚው ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሣ ይመከራል። የዳነ የመሰለ ቁስል እንኳ ከሦስት ወር በኋላ የሚደርሰው ከቀድሞው ጥንካሬ ወደ 80 በመቶ ገደማ ነው። ሰሊጥ ግን ይህን አይጠብቅም፤ ፍሬው ሲደርስ ቆባው ራሱ ተከፍቶ ስለሚረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። ከደጋ የወረደው ሠራተኛም ሆነ በቆላው ከርሞ የለመደው ሳሉግ ጎንበስ ብሎ በማጭድ ሲያጭድ፣ ነዶውንም ተሸክሞ ወደ ሒላው ማለትም ነዶው ቆሞ ወደሚደርቅበት ክምር ሲያመላልስ ይውላል። ያልሠራበት ቀን ስለማይከፈለው «ዕረፍት አድርግ» የሚለው ምክር ለእርሱ ገቢውን ተው ከማለት አይለይም። ማታ የሚተኛውም በዳስ ውስጥ፣ ያለ አስታማሚ ነው። ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ የሠራተኛው ምግብ ግን በአብዛኛው ማሽላ ስለሆነ፣ ከተቻለ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ወተት ወይም እንቁላል መጨመር ይኖርበታል።

ስለዚህ ታማሚው ከመሰናበቱ በፊት ወዴት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚያድር መጠየቅ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል። የመውጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም፤ ስፌቱ የሚወጣበት ቀን፣ ይህም እንደ ስፍራው ከ7 እስከ 14 ቀን ሊሆን ይችላል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በአማርኛ ሊጻፍ፣ ትኩሳት ከተነሣም ቁስሉም ደሙም እንዲታይ ሊያዝ ይገባል። የእርሻው ባለቤትም የዚያ ወረቀት አንባቢ መሆን አለበት፤ ሠራተኛውን ነዶ ከማሸከም ይልቅ ሒላ እንዲጠብቅ በማድረግ ሥራም ደመወዝም ሳይቀርበት እንዲያገግም ማድረግ የሚችለው እርሱ ነውና።