ወደ ተከዜ በረሃ ወርደን ለምን ተመለስን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከፋሲካ ዕረፍት ከተመለስን ወዲህ በምግብ አዳራሹ «ተከዜን በጀልባ እንወርዳለን ብለው ፎክረው ሄዱ፤ እግራቸውን ታጥበው መጡ» እየተባለ እንደሚሳቅብን ሰምተናል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን ከቀልዱ በስተጀርባ ቁም ነገር ስላለ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጉዟችንን የጀመርነው ከይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ የታነጸው ይህ የዛግዌ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከሥሩ ውሃ እንዳለ በአገሩ ይነገራል። ከዋሻው ወጥተን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ስናይ፣ ከዚያ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ተከዜ እንደሚገባ ተነጋገርን። እኛም ውሃውን ተከትለን እንድንወርድ ቆረጥን።

ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ገደሉም በአንዳንድ ስፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ደጋው በጋቢ ሲያንቀጠቅጥ ቆላው ሸሚዝ ያስወልቃል። እኛ አራት ጓደኛሞች የያዝነው የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ገመድና ቆሎ ነበር። ከአራታችን ዋና የሚችለው አንዱ ብቻ ነው።

ላስቲኩን ስንነፋ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡና ዝም ብለው አዩን። ኋላም «ልጆቼ፣ ዛሬ አትግቡ» አሉን። «አባቴ፣ ሰማዩ ጠርቷል እኮ» አልናቸው። «የዚህን ሰማይ ተዉት፤ የላዩን ተራራ ተመልከቱ። ውሃውም መልኩን ለውጧል» አሉ። በልግ መሆኑን ረስተን ነበር። እያጉረመረምን ከፍ ወዳለው ስፍራ ወጣን። ሌሊት ውሃው እያገሣ ደረሰ። ሲነጋ ላስቲኩን የነፋንበት አሸዋ አልነበረም።

ጓደኞቼ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮችና ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ሸለቆ በጎማ ጀልባ ሲወርዱ ብዙ ዝግጅት ነበራቸው፤ ሆኖም አንድ ጓዳቸውን ውሃ ወሰደባቸው። በ1996 ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ተከዜን ወረደ። በ2009 ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተመርቆ የሸለቆው አንድ ክፍል ከሐይቅ በታች ሆነ። እንግዳው ወንዛችንን ቀድሞን ማየቱ አያስቀናንም አልልም። ነገር ግን ቅናት ዋና አያስተምርም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለፈሪ የተነገረ አይደለም፤ ለሚስቅ ጎበዝ ነው እንጂ።

የሚያሳፍረን መመለሳችን ሳይሆን፣ መጽሐፍ ተሸክመን ስንሄድ በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው አስቀድመን አለመጠየቃችን ነው። እኒያ ሽማግሌ ባይደርሱ ኖሮ ዛሬ የምትሰሙት ንግግር ሳይሆን መርዶ ነበር።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እለምናለሁ። መጀመሪያ፣ ዋና የማይችል አባል ሁሉ እንዲማር ይሁን። ሁለተኛ፣ በዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ መሻገሪያው የት እንደ ሆነ፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላና በምን ምልክት እንደሚታወቅ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ጽፎ ይምጣ። ያን ጊዜ ተከዜን እንወርዳለን። የሚስቁብንም ከፈለጉ በጀልባው ላይ ቦታ እንሰጣቸዋለን።