ከሕሙማን አልጋ እስከ ማስተርስ ማዕርግ



ስለ ነርሶች ከፍተኛ ትምህርት በመምህራን ጉባኤ መናገር ከነገራችን የወጣ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የሁለቱ ሙያዎች ዝምድና የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፥ ልምድ ላላቸው ነርሶች ከፍ ያለ ትምህርት የተከፈተው በሐኪም ቤት ሳይሆን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ሜሪ አዴሌድ ነቲንግ በዚያው ኮሌጅ ፕሮፌሰር ስትሆን፥ ከነርሶች ወገን በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ነርሶችን የምታሠለጥን ነርስ ማስታመምን ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም ማወቅ ነበረባት።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በነርስነት ሙያ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ሆኖም ሌሊቱን በተረኛነት ያደረች ነርስ ጧት ከመምህር ፊት ስትቀመጥ የሚጎድላት ትጋት አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ሥራዋን ብትተው ቤተ ሰቧ ይቸገራል፤ ሁለቱን አጣምራ ብትይዝ ሰውነቷ ይዝላል፤ የዛለ እጅም መድኃኒት ሲለካ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የተረኛነቷን ሰዓት ከትምህርቷ ጋር ማስማማት ለእርስዋ የሚዋል ውለታ ብቻ አይደለም፤ ለሕሙማን የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

መምህሩም እንደ ጀማሪ አይቊጠራት። በመጽሐፍ የሚነበበውን ቁስል በእጅዋ አጥባዋለች። የዚህ ሰው ቁስል ስለ ምን ሳይድን ዘገየ? ብላ የጠየቀችው የጥናቷ ርእስ ቢሆን፥ መልሱ ወደ ተነሣበት አልጋ ይመለሳል።

በማታና በክረምት የሚማሩ መምህራን ባልደረቦቻችንም እንዲሁ ናቸው። ማዕርጉ ከሥራ መሸሻ ሳይሆን በዕውቀት ወደ ሥራ መመለሻ እንዲሆንላቸው፥ ጊዜውን እናመቻችላቸው፤ ጥያቄያቸውንም እናክብር።