ስለ «የሀብት ደሴት» የተሰጡ አስተያየቶችና የኔ አሳብ

(በተማሪዎች ማኅበር የንባብ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በዚሁ አዳራሽ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ስንነጋገር አምሽተን ሳንስማማ ተለያየን። ክርክሩ በምግብ ቤትም በመኝታ ቤትም አልበርድ ስላለ፥ የንባብ ክፍሉ አንድ ሰው የተባለውን ሁሉ ሰብስቦ የራሱንም ጨምሮ እንዲናገር ወሰነ። ዕጣው ለኔ ደረሰኝ። ከኔ የተሻሉ አንባቢዎች እዚህ ተቀምጠው ሳለ መናገሬን በይቅርታ ተመልከቱልኝ።

መጽሐፉ ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የጻፈው «ትሬዠር አይላንድ» ነው፤ በቋንቋችን «የሀብት ደሴት» ብንለው ያስኬዳል። አንዳንዶቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አጥሮ የታተመውን አንብበነው ነበር፤ አሁን ያነበብነው ግን ሙሉውን ነው።

አጀማመሩ እንደ ጨዋታ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ስቲቨንሰን ከቤተ ሰቡ ጋራ በስኮትላንድ ብሬማር በሚባል ስፍራ ሰነበተ። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ቢላቸው ከ13 ዓመቱ የእንጀራ ልጁ ከሎይድ ጋራ በቀለም ሲጫወቱ የአንድ ደሴት ካርታ ተሣለ። ከካርታው ታሪኩ ተወለደ። ደራሲው የጻፈውን ምዕራፍ ለቤተ ሰቡ ያነብላቸው ነበር፤ መሐንዲስ የነበሩት አባቱም እንደ ልጅ ተደስተው፥ በሟቹ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ራሳቸው ዘርዝረው ጻፉለት። ታሪኩ መጀመሪያ በልጆች ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጂም ሆኪንስ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ልጅ፥ የባሕር ወንበዴዎች ሀብት የተቀበረበትን ካርታ ያገኛል። ከአንድ ሐኪምና ከአንድ ባላባት ጋራ በመርከብ ፍለጋ ይሄዳል። የመርከቡ ወጥ ቤት ጆን ሲልቨር አንድ እግሩ የተቈረጠ፥ ጨዋታ ዐዋቂ፥ ሰው የሚወደው ሰው ነው። ነገር ግን የድሮ ወንበዴ ነውና መርከበኞቹን በስውር ያሳድማል።

አሁን ወደ አስተያየቶቹ ልምጣ። አንደኛው ወገን «ይህ የልጆች መዝናኛ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይሆንም» አለ። ለዚህ ብዙ መልስ አልሰጥም። መጽሐፉ ለልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛ ትልልቆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ባልተጣላንበት ነበር።

ሁለተኛው ወገን «የመጽሐፉ ጀግና ሲልቨር ነው» ባይ ነው። በአንድ እግር ከሁለት እግረኞች ይበልጣል፤ ሌሎቹ ሲሰክሩ እርሱ ገንዘቡን በባንክ ያስቀምጣል፤ ጂምንም ከሞት አድኖታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደራሲው ራሱ የሲልቨርን ጥንካሬ ከአንድ እግረኛ ወዳጁ፥ ከባለቅኔው ሄንሊ እንደ ወሰደ ለሄንሊ በደብዳቤ ገልጦለታል። ሆኖም ሲልቨር ጂምን ያዳነው ከስቅላት የሚያስጥለው ምስክር ሲፈልግ መሆኑን፥ ሀብቱ የቀረበ በመሰለው ጊዜም ዓይኑ በልጁ ላይ መለወጡን አንርሳ።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ ሳይቀጣ የሚያመልጥበት መጽሐፍ ለልጆች መርዝ ነው» አለ። በውነቱ ሲልቨር አድማውን እምቢ ያለውን ቶምን ምርኩዙን ወርውሮ ከጀርባው ከመታው በኋላ በጩቤ ወግቶ ገድሎታል። በመጨረሻም የወርቅ ከረጢት ይዞ ይጠፋል።

እኔ ግን ሦስቱም ወገኖች አንድ ሰው የረሱ ይመስለኛል። እርሱም ዲክ ነው።

ዲክ ከመርከበኞቹ በዕድሜ ትንሹ ነው። ጂም በፖም በርሜል ውስጥ ተደብቆ ሳለ ሲልቨር ይህን ወጣት ሲያባብል ይሰማል። ጂምን ክፉኛ ያበሳጨው ምን ነበር? ሲልቨር ለዲክ የተናገረው የሙገሳ ቃል ቀድሞ ለጂም ለራሱ ከተናገረው ጋራ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። «አፉ ቅቤ፥ ልቡ ጩቤ» የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው አይደለምን? ጂም በርሜሉ ውስጥ ስለ ነበረ ተረፈ። ዲክ ግን በውጭ ቆሞ አመነ። ኋላ ወንበዴዎቹ የሞት ምልክታቸውን የሚሠሩበት ወረቀት ሲያጡ ከገዛ መጽሐፍ ቅዱሱ ተቀደደ። ሲልቨር ወርቅ ይዞ ሲያመልጥ፥ ዲክ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ በደሴቱ ላይ ተትቶ ቀረ። ስለዚህ ቅጣት የለም ለሚሉት የምመልሰው፦ ቅጣትስ አለ፤ የደረሰው ግን በአባባዩ ሳይሆን በተባበለው ላይ ነው። ለወጣት ከዚህ የሚጠቅም ትምህርት አላውቅም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ አንደበቱ የጣፈጠ ከኔ ከፍ ያለ ተማሪ «ካንተ በቀር አስተዋይ የለም» ብሎኝ፥ በክፍል ጓደኛዬ ላይ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈረምሁ። ጓደኛዬ ከትምህርት ታገደ። ያንኑ ሙገሳ ለሌሎች ሦስት ልጆችም እንደ ነገራቸው የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በርሜል አልነበረኝም።

በመጽሐፉ ውስጥ የሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ሐኪሙ ሊቭዚ ሊገድሉት የሞከሩትን በሽተኞች እየተመላለሰ ያክማል። «ዝለልና እናምልጥ» ቢለው ደግሞ ጂም ለሲልቨር የሰጠሁትን ቃል አላፈርስም አለ። ቃሉን የሰጠው ለከዳተኛ ነው፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ሲልቨር ተናጋሪዎች አይደሉም፤ በሥራቸው ግን ይታወቃሉ።

እንግዲህ ነገ ተምረን ስንወጣ የሚያሞግሰን አናጣም። ያን ጊዜ «ይህን ቃል ለስንት ሰው ተናግሮታል?» ብሎ መጠየቅ፥ «እምቢ ያለውስ ምን ደረሰበት?» ብሎ ወደ ቶም ማየት አይከፋም።

ለሲልቨር የምትሟገቱ ጓደኞቼ እንዳልተረታችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። መድረኩ ለናንተ ነው። መጽሐፉን ይዞ ያስቀረው ወንድማችን ግን ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲመልስ አደራ እላለሁ፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ።