በስፖርት የሚከፈተው በር



ዛሬ የምናገረው እዚህ አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተማሩ ስለሚሮጡ፣ ኳስ ስለሚጫወቱና ስለሚዋኙ ልጆቻችን ነው። የሚያልሟቸው ኮሌጆች አመልካቻቸው እጅግ ብዙ፣ የሚቀበሉት ግን ጥቂት ነው። በየቤታችን ሁለት ዓይነት ምክር እሰማለሁ። አንዱ «ሩጫው ይቅርብህ፣ ትምህርትህን ያዝ» ይላል። ሌላው «ልጄ ጎበዝ ሯጭ ነው፣ ስኮላርሺፕ አያጣም» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ልጁን ይጎዱታል። የመጀመሪያው ሊከፈትለት የሚችል በር ይዘጋበታል፤ ሁለተኛው እምብዛም የማይገኝ ገንዘብ ተስፋ እንዲያደርግ ያደርገዋል።

ከገንዘቡ ልጀምር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ራሱ እንደሚገልጸው ከሁለተኛ ደረጃ አትሌቶች መካከል የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። በሩጫ ደግሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቁራጭ ነው። እስከ 2025 ድረስ በማኅበሩ ከፍተኛ ምድብ፣ በዲቪዥን አንድ፣ አንድ የወንዶች ቡድን ለአገር አቋራጭና ለመም ውድድር በአንድነት የሚፈቀድለት 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ይህንኑ ለሯጩ፣ ለዘላዩ፣ ለወርዋሪው ቆራርሶ ያካፍል ነበር። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ይህን ጣሪያ አነሣው፤ በምትኩ ግን የቡድኑን አባላት ቁጥር ገደበ። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የመም ቡድን ከ45፣ የአገር አቋራጭ ቡድን ከ17 ሰው አይበልጥም። ቀድሞ ያለ ስኮላርሺፕም ቢሆን ቡድን ውስጥ ይገባ ለነበረው መካከለኛ ሯጭ ቦታው ጠቧል።

በአንጻሩ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉበት አይቪ ሊግ ስምንቱም አባላቱ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተፈራረሙት ስምምነት ነው። እንደ ዊልያምስ፣ አምኸርስትና ኤምአይቲ ያሉ የዲቪዥን ሦስት ኮሌጆችም አይሰጡም። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ምን ያደርግልናል?» ብሎ ይተወዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እነዚሁ ኮሌጆች የቤተሰብን አቅም አይተው የሚሰጡት ድጋፍ ከአብዛኛው የስፖርት ስኮላርሺፕ ይበልጣልና። ሃርቫርድ ከ2025 መጸው ጀምሮ፣ ቤተሰቡ ከገቢው ጋር የሚመጣጠን ሀብት እስካለው ድረስ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተሰብን ልጅ ምግቡንና መኝታውን ጨምሮ በነፃ ያስተምራል፤ እስከ 200,000 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ ደግሞ የትምህርት ክፍያው ቀሪ ነው። ታክሲ የሚነዳ አባትና በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እናት ያሏት ልጅ እዚያ ብትገባ፣ ብዙ ጊዜ በአቅራቢያዋ ካለው የስቴት ዩኒቨርሲቲ በርካሽ ትማራለች። ይህ ድጋፍ ከቡድኑ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ፣ ጉልበቷ ቢጎዳና ሩጫውን ብታቆም አይቋረጥባትም።

ስፖርት ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? በር ይከፍታል። በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ባገኘው የሃርቫርድ የቅበላ ክርክር ላይ ይፋ የሆነው መረጃ አሰልጣኞች ከመረጧቸው አትሌት አመልካቾች ከመቶ 86ቱ ይገቡ እንደነበር አሳይቷል፤ ከተራው አመልካች የሚገባው ከመቶ አሥርም አይሞላም ነበር። ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ነገር ግን አሠራሩ እስካለ ድረስ የባለጸጋው ልጅ ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር ሆኖ መቅረት የለበትም።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለውን አሠራር ልብ በሉ። በአይቪ ሊግ አሰልጣኙ የሚፈልገውን ልጅ ትራንስክሪፕትና የፈተና ውጤት፣ ልጁ 11ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ ለቅበላ ቢሮው አስቀድሞ ያሳያል። ቢሮው «ይህን አንቀበልም» ካለ አሰልጣኙ በትሕትና ይሰናበተዋል፤ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ አያመለክትም። የተጣሩት ብቻ ስለሚያመለክቱ ነው ቁጥሩ ከፍ የሚለው። የአይቪ ሊግ ቡድኖች የአትሌቶቻቸው የትምህርት ደረጃ ከሌላው ተማሪ ብዙ እንዳይርቅ የሚቆጣጠር የጋራ መለኪያም አላቸው። ስለዚህ በኤስኤቲም በክፍል ውጤትም ጠንካራ የሆነች ሯጭ፣ ከእሷ በሁለት ሰከንድ ከሚፈጥን ነገር ግን ውጤቱ ደካማ ከሆነ ልጅ ይልቅ ለአሰልጣኙ ልትጠቅም ትችላለች። ኤምአይቲ ላይ ደግሞ አሰልጣኝ የሚያስይዘው ቦታ የለውም፤ ድጋፉን ይገልጻል፣ ውሳኔው የቅበላ ቢሮው ነው።

እንግዲህ የሚታየው የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤት ነው። «12ኛ ላይ እበረታለሁ» የሚል አትሌት ከሌላው ተማሪ ይልቅ ቀድሞ ረፍዶበታል።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር 9ኛ ክፍልን ጨርሶ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ «እንግሊዝኛው ይጠንክርለት» ብሎ እንደገና 9ኛ ያስገባዋል። ቤተሰቡም ጊዜ አገኘ ብሎ ይደሰታል። በዲቪዥን አንድ ሕግ ግን ቆጠራው የሚጀምረው ልጁ፣ በየትም አገር ይሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል ከገባበት ጊዜ ነው። ከዚያ በአራት ዓመት ውስጥ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን መጨረስ አለበት፤ አራት እንግሊዝኛ፣ ከአልጀብራ አንድ የማያንስ ሦስት ሒሳብ፣ ሁለት ሳይንስ፣ ሁለት የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ቀሪዎቹም ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው። አሥሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከአሥሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን ይኖርባቸዋል። ክፍል መድገም ቆጠራውን አያስቆመውም። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩት የጀማሪዎች ኢኤስኤል ክፍሎችም ከእንግሊዝኛ ኮርሶቹ ውስጥ አይገቡም።

ይህን 11ኛ ክፍል ላይ የሚሰማ ቤተሰብ ራሱን ይይዛል። በመጣበት ዓመት የሚሰማ ግን በክረምት ትምህርት ሊያካክሰው ይችላል። ልጃችሁን ከኢትዮጵያ ስታስመጡ የ9ኛ ክፍል ውጤቱን ማኅተም ያለበትን ከነትርጉሙ ያዙ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካውንስለሩን «የትኛው ኮርስ በኤንሲኤኤ ይቆጠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜው ያለፈበት ልጅም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ይህ የ16 ኮርስ መስፈርት ዲቪዥን ሦስትን አይመለከትም፤ እነዚያ ኮሌጆች አመልካቹን በራሳቸው መመዘኛ ያዩታል።

ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነውን ሯጩን ያሬድ ንጉሤን ታውቁታላችሁ። ሩጫ የጀመረው በሉዊቪል፣ ኬንተኪ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው። ኖትር ዴም ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ተማረ፤ በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ካለፈ በኋላ በጉዳት ሳይሮጥ ቀረ። በ2024 ፓሪስ ላይ በ3:27.80 ነሐስ አጠለቀ። የጥርስ ሕክምና የመማር ሐሳብ እንዳለውም ተናግሯል። ከሜዳሊያው ይልቅ ለልጆቻችን ደጋግሜ የምነግራቸው የቶኪዮውን ጉዳት ነው፤ ያን ዕለት ሩጫ ብቻ የያዘ ወጣት ቢሆን ኖሮ ምን ይቀረው ነበር?

እናንተ ተማሪዎች፣ ለአሰልጣኝ ደብዳቤ የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ። እናትም አባትም አይጻፉ፤ አሰልጣኙ ወዲያው ያውቀዋል። ሰዓታችሁን፣ ውጤታችሁንና ያን ኮሌጅ ለምን እንደመረጣችሁ በአጭሩ ግለጹ። በብዙ የዲቪዥን አንድ ስፖርቶች አሰልጣኝ ስለ ምልመላ መልስ መስጠት የሚፈቀድለት 10ኛ ክፍል ካበቃ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነውና ዝም ቢሏችሁ አትከፉ። «እንፈልግሃለን» ማለት ቅበላ አይደለም። «ስሜን ለቅበላ ቢሮው ታቀርባላችሁ? አምና ከደገፋችኋቸው ስንቱ ሳይገባ ቀረ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የማመልከቻ ድርሰቱን በኦገስት ጨርሱት፤ የኖቬምበር 1 ቀነ ገደብና የአገር አቋራጩ ወሳኝ ውድድሮች በአንድ ሰሞን ይደርሱባችኋል።

«ገንዘብ ክፈሉኝ፣ አስገባላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ በ2019 የተጋለጠውን አስታውሱ። ሪክ ሲንገር የተባለው ሰው ስፖርቱን የማያውቁ የሀብታም ልጆችን አትሌት አስመስሎ ለአሰልጣኞች ጉቦ እየሰጠ ሲያስገባ ተይዞ ሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል፤ የታሰሩ ወላጆችም ነበሩ።

የወላጆች ድርሻ የገንዘብ ድጋፍ ቅጾቹ ናቸው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥቱ ቅጽ በተለምዶ በኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውንም ይጠይቃሉ። የሚታየው ልጁ ኮሌጅ ከሚገባበት ዓመት ሁለት ዓመት በፊት ያለው የግብር ሰነድ ነው፤ 10ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ የሚጀምረው የገቢ ዓመት ማለት ነው። በራሳችሁ መኪና የምትሠሩ፣ አነስተኛ ሱቅ ያላችሁ፣ ሒሳባችሁን ከዚያ ዓመት ጀምሮ አጥርታችሁ ያዙ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ ቤተሰቡ በግምት ምን ያህል እንደሚከፍል የሚያሰላ መሣሪያ አለው፤ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የሦስት ኮሌጆችን አስሉ።