ወለዱን ስቀንስ

እህቶቼ፣ «ሰው ቤት እየሠራሽ የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?» ለምትሉኝ መልስ ይዣለሁ።

ደሞዜን አገር ቤት እየላኩ ባንክ አስቀምጥ ነበር። ወለዱ 7 በመቶ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ግን «ከወለዱ የዋጋ ንረቱን ቀንሱ» ተባልን። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ቀነስኩ፤ አለቀስኩ። ብሩ በቁጥር ቢጨምርም የሚገዛው ጤፍ አንሷል።

እቁባችንንም አየሁት። መጀመሪያ የወጣላት ያለወለድ ተበደረች፣ የመጨረሻዋ አበደረች ማለት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መጨረሻ የደረሳት በሚቀጥለው ዙር ትቅደም እላለሁ።

ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። እስከዚያ እሁድ እሁድ የባንክ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንቀንሳለን።