የተደበቀውና የተባረረው፦ ስለ ሉዊ ማል «ደህና ሁኑ ልጆች»



ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ሉዊ ማል እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው፣ በቬኒስም የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው «ደህና ሁኑ ልጆች» ዘወትር የሚወሳው በሁለት ልጆች ወዳጅነት ነው። እኔ ግን በዛሬው ንግግሬ ስለ ሦስተኛው ልጅ፣ ስለ ወጥ ቤት ረዳቱ ዦዜፍ ማተኮር እሻለሁ፤ የፊልሙ ከባድ ጥያቄ ያለው እርሱ ዘንድ ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1944 መባቻ፣ ጀርመን በያዘቻት ፈረንሳይ፣ የካርሜል መነኮሳት በሚመሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ማል ራሱ በዐሥራ አንድ ዓመቱ በፎንቴንብሎ አጠገብ፣ በአቮን፣ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። አለቃው አባ ዣክ በሐሰተኛ ስም የደበቋቸው ሦስት አይሁዳውያን ተማሪዎች በዚያው ዓመት በጥር ተይዘው ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ፤ አልተመለሱም። አባ ዣክም ከማጎሪያው ነጻ በወጡ በሳምንታት ውስጥ ዐረፉ።

በፊልሙ ዡልየን የባለጸጋ ልጅ ነው። አዲስ መጪው ቦኔ በትምህርትም በፒያኖም ይበልጠዋል፤ ስለዚህ ወዳጅነታቸው የሚጀምረው በቅናት ነው። ዡልየን የአይሁድ ጥፋት ምን እንደሆነ ታላቅ ወንድሙን ሲጠይቅ፣ ከእኛ ይልቅ ብልሆች መሆናቸውና ክርስቶስን መስቀላቸው ነው የሚል መልስ ያገኛል። የሰቀሉትማ ሮማውያን ናቸው ብሎ ይሞግታል፤ ሕፃኑ ከታላቁ ይልቅ ወንጌሉን አስተውሎ አንብቧል። እናቱም ክፉ ሴት አይደሉም። በምግብ ቤቱ የመንግሥት ታጣቂዎች አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲያዋርዱ ይቆጣሉ። ወዲያው ግን አይሁድን እንደማይጠሉ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሌዎን ብሉም ብቻ ቢሰቀል ቅር እንደማይላቸው ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ሲነገር ቦኔ በዚያው ገበታ ተቀምጧል። ማል ጥላቻን ከጩኸት ይልቅ በእንዲህ ያለ የቤተሰብ ጨዋታ ውስጥ ማሳየቱ ታላቅነቱ ነው።

ወደ ዦዜፍ ልመለስ። እግሩ ያነክሳል፤ ተማሪዎቹ ያሾፉበታል፤ ቢሆንም ከቤታቸው የሚላክላቸውን ማርማላታና ቴምብር በእርሱ በኩል በጥቁር ገበያ ይለውጣሉ። ስርቆቱ ሲገለጥ የነገዱት ሁሉ ይጠራሉ፤ የሚባረረው ግን ዦዜፍ ብቻ ነው። የሀብታሞቹ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲባል ይቀራሉ። አለቃው አባ ዣን በደል እንደሠሩ ያውቃሉ፣ ይናገሩታልም። ልብ በሉ፤ በወላጆች ፊት ባለጸጎችን በስብከት የገሠጹትም፣ ነፍሳቸውን ለአይሁድ ልጆች የሰጡትም እኒሁ ሰው ናቸው። ለአንዱ ዓይነት ንቀት በሩን የዘጋው ቤት ለሌላው ክፍት ነበር፤ ጌስታፖም የገባው በዚያ በኩል ነው። ዦዜፍ ከጀርመኖች ጋር ተመልሶ ሲመጣ ለዡልየን የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ ከእናንተ ጋር ባልነግድ ኖሮ ባልተባረርሁ ነበር።

እዚህ ላይ ፊልሙን መሞገት ይገባል። ማል በ1974 በሠራው «ላኮምብ ሉስየን»ም ከጠላት ጋር ያበረው የገጠር ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ክህደትን በድኻ እጅ ማኖሩ፣ ፋብሪካና ሹመት የነበራቸውን ተባባሪዎች አያስረሳም ወይ? በከፊል ያስረሳል ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ማል ክህደቱን ለዦዜፍ ብቻ አልተወውም። ኔጉስ የሚል ቅጽል ስም ያለውን ሌላውን ልጅ (የዘመኑ የፈረንሳይ ጋዜጦች ዐፄ ኃይለ ሥላሴን የሚጠሩበት የእኛው ቃል ነው) በሕሙማን ክፍል የምትጠቁመው መነኩሲት ናት። ቦኔንስ? የጌስታፖው ሹም ክፍል ገብቶ እውነተኛ ስሙን ሲጠራ፣ ዡልየን ሳያስበው ወደ ጓደኛው ይመለከታል። ሹሙ ዐይኑን ተከትሎ ይሄዳል። ቦኔም ቀስ ብሎ መጻሕፍቱን ይሰበስባል፣ የጓደኞቹን እጅ ይጨብጣል።